ሲፓፕ ከመግዛታችሁ በፊት ወጪውን እንዲህ አስሉት

ባለቤቴ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ነው። ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል ወይም በጣም ያንሳል። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደረሰ ከባድ ይባላል። ሲፓፕ የሚባለው ማሽን በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርጋል።

ኑሯችሁ እንደኛ ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሽኑን ማግኘትና በየሌሊቱ መጠቀም ለየቅል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ማሽኑን ያለክፍያ ባገኙ የቀድሞ ወታደሮች ላይ በተሠራ ጥናት እንኳ፣ ችግር በበዛበት ሰፈር ከሚኖሩት መካከል አዘውትረው የሚጠቀሙት ያነሱ ነበሩ። ስለዚህ ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ወጪ ዛሬውኑ ደምሩ።

ከሐኪም በፊት ስልካችሁን አዘጋጁ። ሲያንኮራፋ፣ ዝም ሲል፣ ከዚያ እየተናነቀ ሲነቃ ቅረጹት። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉና ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። የእንቅልፍ ምርመራው የት እንደሚሠራ እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ ከላኳችሁ የመሳፈሪያና የማደሪያውንም ቁጠሩ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ ማሽን ልላክ ካለ፣ ከመላኩ በፊት ሴሪያል ቁጥሩን ያጣራ። ፊሊፕስ በ2021 እ.ኤ.አ. ድሪምስቴሽንን ጨምሮ ብዙ ማሽኖቹን ከገበያ ሰብስቧል። ውስጡ ያለው ድምፅ የሚያፍን ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የአየር ግፊቱንም ሐኪም ይወስን፤ የሌላ ሰው ልክ ለእናንተ አይሆንም።

በዕቁብ የምትገዙ ከሆነ ዕጣው ሲደርሳችሁ ብሩን በሙሉ ማሽኑ ላይ አታውሉት። ለመለዋወጫ ማስክና ለማጣሪያ አስቀሩ። ማስኩ ሲያረጅ አየር ያፈሳል፣ ዓይን ያደርቃል፣ ሰውየውም ተማርሮ ይተወዋል። የፊት ወዝ ስለሚያበላሸው በየጠዋቱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ ጥላ ላይ ይድረቅ።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ኃይል የሚበላው ማሽኑ ላይ ያለው፣ አየሩን የሚያረጥበው የውሃ ማሞቂያ ነው። እሱን አጥፍታችሁ ማሽኑን ብቻ ካስነሳችሁ ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ግን የባጃጅ ባትሪ ላይ በሽቦ በቀጥታ እንዳታገናኙት። ለሞዴሉ የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ማሞቂያውን ስትጠቀሙ ውሃ መያዣው ውስጥ ዲስቲልድ (በትነት የተጣራ) ውሃ ይግባ፤ የጣና ውሃ በፍጹም።

ማሽኑ እስኪገኝ በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። እኔ ከወፍራም አቡጀዴ ኪስ ቆርጬ በቲሸርቱ ጀርባ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ሰፋሁለት። ስፌቱን ደርቤዋለሁ፤ አፉ በቁልፍ ይዘጋል። ውስጡ የቴኒስ ኳስ አለ። በጀርባው ሲገለበጥ ይቆረቁረውና ወደ ጎኑ ይመለሳል። ማታ አረቄ ቀርቷል፤ መጠጥም የእንቅልፍ ክኒንም ጉሮሮን የባሰ ያላላሉ። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ግን ይህ ማሽኑን አይተካም።

ሹፌሮች ሆይ፣ በዚህ ሕመም የተነሳ ቀን እንቅልፍ ሲጥላችሁ ጥግ ያዙ። የአንድ ዙር ገቢ ይቅር።

ማሽኑ ሲመጣ ማታ ቡና እየተፈላ፣ ሳትተኙ ማስኩን አድርጉና ተለማመዱት። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ኤኤችአይ የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ትንፋሽ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንዳነሰ የሚያሳይ ነው። ከ5 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከፍ እያለ ከቀጠለ መጀመሪያ ማስኩ ማፍሰስ አለማፍሰሱን እዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።