ለታዳጊ ወንዶች የግዴታ የጂምናስቲክ ቅንብር ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የግዴታ ቅንብር በአንድ ደረጃ ያሉ ልጆች ሁሉ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ በአንድ ቅደም ተከተል የሚሠሩት እንቅስቃሴ ነው። በኦሎምፒክ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ነበር። እስከዚያ ድረስ ትልልቆቹ ጂምናስቶችም በየመሣሪያው አንድ የግዴታ፣ አንድ ደግሞ ራሳቸው የመረጡትን ቅንብር ያቀርቡ ነበር። ስለዚህ «ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው» የሚል አሰልጣኝ አይጠፋም። በታዳጊዎች ዘንድ ግን ጊዜው አላለፈበትም፤ ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ራሱ ለታዳጊዎች ባዘጋጀው የዕድሜ ክልል መርሐ ግብር ውስጥ የግዴታ ቅንብሮችን አካቷል። ልጅ የሚለማመደው በውድድር የሚጠየቀውን ነው፤ አሰልጣኙም እንዲሁ። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ ለሚካሄድ የክለቦች ውድድር ቅንብር የሚጽፍ ሰው፣ አሰበበትም አላሰበበትም፣ የሁሉንም አሰልጣኞች የዓመት ዕቅድ እየጻፈ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ቅንብሩን በአንድ ጎበዝ ልጅ ልክ መስፋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በየክለቡ አንድ ሲገለበጥ ሰው የሚያስጨበጭብ ልጅ አለ። አዘጋጁ ወረቀት ሲያነሣ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣው እሱ ነው፤ የወለሉ ቅንብር ሳይታሰብ ወደ ኋላ በአየር ላይ በመገልበጥ ይደመደማል። የቀሩት ልጆች ከዚያች ዕለት ጀምሮ አሰልጣኙ ወገባቸውን ይዞ ሲያገላብጣቸው ይከርማሉ። ክርናቸው እንደታጠፈ፣ ጉልበታቸው እንደተከፈተ ወራት ያልፋሉ።

ጎበዝ የተባለው ልጅም ቢሆን አይጠቀምም። በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ከጓደኞቹ ጋር እየተገለባበጠ ያደገ ልጅ ድፍረቱ ብርቅ ነው፤ ድፍረት ለማስተማር የሚከብድ ነገር ስለሆነ አላጣጥለውም። ነገር ግን ራሱን በራሱ ያስተማረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ገና ከመሬት ሳይነሣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ከፍታ ከማግኘቱ በፊት ይዞራል። ይህን ልማድ የሚያርመው ቅንብር እሱን የሚያሰለቸው ዓይነት ነው። በእጅ ቆሞ ሁለት ሴኮንድ መቆየት፣ ከዚያ እጅን ሳያጥፉ ወደ ፊት ተንከባልሎ መነሣት፣ በቀጥታ መስመር ላይ በጎን መሽከርከር፣ ወደ ኋላ ተንከባልሎ በተዘረጋ ክንድ በእጅ ወደ መቆም መውጣት፣ በመጨረሻም ራውንድ ኦፍ (በጎን ተሽከርክሮ በሁለት እግር አንድ ላይ የሚታረፍበትን እንቅስቃሴ) ሠርቶ በሁለት እግር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መዝለል። ከራውንድ ኦፍ በኋላ ያለችውን ዝላይ ያለ እርምጃ ማሳረፍ ያልቻለ ልጅ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ጊዜው አልደረሰም። ዳኛውም፣ አሰልጣኙም፣ አባትም ይህን በዓይናቸው ያዩታል።

ቅንብሩ ከመታወጁ በፊት ከክለቡ መካከለኛው ልጅና የመጨረሻው ልጅ ይሞክሩት። መካከለኛው ጥቂት ነጥብ እያጣ፣ የመጨረሻው ብዙ ነጥብ እያጣ፣ ሁለቱም ግን ሳይወድቁ ከጨረሱት ቅንብሩ ለደረጃው ይሆናል።

ወዴት እንደሚያደርስ ያልታሰበበት እንቅስቃሴ መጨመር

እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሚቀጥለው ደረጃ የሚተካው ሊኖር ይገባል። «ያምራል» ወይም «ቦታውን ይሞላል» ተብሎ የገባ ነገር የልጆችን ሰዓት ይበላል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው በእጀታው ፈረስ፣ ማለትም ሁለት እጀታ ባለው ረጅም መሣሪያ ላይ ነው። ልጆች የሚጠሉት፣ አሰልጣኞችም የሚሸሹት መሣሪያ እሱ ነው። አዘጋጁ ሁሉንም ላለማስቀየም እግርን በየተራ አሻግሮ መመለስን ብቻ ይጽፋል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እግሮች እንደ መቀስ ተለያይተው ወደሚሻገሩበት የመቀስ እንቅስቃሴ ያደርሳል። ነገር ግን በፈረሱ ላይ የሚሠራው አብዛኛው ነገር የተገነባው በሁለት የተጣመሩ እግሮች ዙሪያውን በመዞር ላይ ነው። ያን ዙር በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ያልጀመረ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ሲጀምረው ከታናናሾቹ ጋር ተሰልፎ ነው፤ ብዙዎቹም በኀፍረት ይተዉታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ ፈረሱን ትቶ እንጉዳይ በሚባለው ዝቅተኛ ክብ መሣሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ዙር መጠየቅ ይሻላል። እንጉዳዩ እዚሁ ከእንጨት፣ ከስፖንጅና ከቆዳ ሊሠራ ይችላል። ለልምምድ ደግሞ ባልዲ ከጣሪያ በገመድ አንጠልጥሎ የልጁን እግሮች እባልዲው ውስጥ አስገብቶ ማዞር በዓለም ዙሪያ የተለመደ ዘዴ ነው። ወጪው የአንድ ባልዲ ነው።

በአግድም ዘንጉም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ሆድን ዘንጉ ላይ አጣብቆ ዙሪያውን መዞር ለተመልካች ያምራል፤ ወደፊት ትልቁን ዙር፣ ሰውነትን ዘርግቶ ዘንጉን ሙሉ መዞርን፣ የሚሰጠው ግን ተንጠልጥሎ በትክክል መወዛወዝ ነው። በቀለበት ላይም ክንድን ዘርግቶ ራስን ደግፎ መቆየት ከማንኛውም የጉልበት ትርኢት ይቀድማል። በዝላይ መሣሪያ ላይ ለትንንሾቹ ጠረጴዛው አያስፈልግም፤ ተንደርድሮ፣ በሰሌዳው ነጥሮ፣ በተደራረበ ፍራሽ ላይ በእጅ ቆሞ በጀርባ ቀጥ ብሎ መውደቅ ይበቃል።

የሌለ መሣሪያ ላይ መጻፍ

የወንዶች ውድድር ስድስት መሣሪያ አለው፤ ወለል፣ የእጀታ ፈረስ፣ ቀለበት፣ ዝላይ፣ ትይዩ ዘንጎችና አግድም ዘንግ። ስድስቱም የተሟሉበት አዳራሽ የሌለው ክለብ ብዙ ነው። ቢሆንም ስድስት ቅንብር ተጽፎ ይበተናል፤ ሦስቱን ማንም ሳይለማመድ ይቀራል፤ በውድድሩ ዕለት መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ልጅ ይታያል። ይህ አደጋ ነው። ሦስት ወይም አራት መሣሪያ ተመርጦ በሚገባ ቢሠራበት አያሳፍርም።

ቁመቱም ሊታሰብበት ይገባል። ቀለበትና አግድም ዘንግ በይፋዊ ውድድር ከወለሉ 2.80 ሜትር ከፍ ይላሉ። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ ቁመት ትርጉም የለውም፤ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻልና አሰልጣኙ ልጁን አንሥቶ ማስያዝ እንደሚችል በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይስፈር፤ አለበለዚያ ዳኞች በቦታው ይጨቃጨቃሉ።

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ የተተከለ የብረት ዘንግ፣ ከተማዋ በምታሸልብበት የቀትር ሰዓት፣ የልጅ መዳፍ ያቃጥላል። ላብም መያዣን ያላላል። ከሐረር የሚወርዱት ልጆች ደግሞ ይህን ሙቀት አልለመዱትም። ረጅም የመንጠልጠያ ቅንብር ጽፎ ውድድሩን ከሰዓት በኋላ የሚያደርግ ሰው አንዱን ወይ ሌላውን አላሰበበትም።

ዳኛ ሊለካው የማይችል ጽሑፍ

«በውበት»፣ «በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ»፣ «ጥቂት ቆይቶ»። እነዚህን ቃላት ይሰርዟቸው። ጥቂት ማለት ስንት ነው? በወንዶች የዳኝነት ሕግ በቦታ የመቆየት እንቅስቃሴ ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ተወዛውዞ በእጅ ወደ መቆም ለሚደርስ ልጅም የዝንባሌው ልክ ተቀምጧል። እስከ 15 ዲግሪ ቅጣት የለውም፤ እስከ 30 ትንሽ፣ እስከ 45 መካከለኛ ቅጣት ያስከትላል። ቅጣቶቹም በቅደም ተከተል 0.10 እና 0.30 ናቸው፤ ትልቅ ስህተት 0.50፣ መውደቅ 1.00። ይህ ሰንጠረዥ ስላለ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ ቅንብሩን ከሰንጠረዡ ጋር በሚስማማ ቋንቋ መጻፍ ይበቃል። የተዘለለ እንቅስቃሴ ስንት ነጥብ እንደሚያሳጣና ቅደም ተከተል ያዛባ ልጅ ምን እንደሚሆን ግን የአካባቢው አዘጋጅ ራሱ መወሰን አለበት። ሳይወሰን የተሄደበት ውድድር የሚጠናቀቀው በአቤቱታ ነው።

የስሞች ጉዳይም አለ። አንዱ ክለብ ከሰርከስ የመጣ፣ ሌላው ከስፖርት ሳይንስ ትምህርት የመጣ አሰልጣኝ ካለው ለአንድ እንቅስቃሴ ሁለት ስም ይኖራል። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይሰራጭ፤ ቪዲዮውን የሚሠራውም መካከለኛው ልጅ ይሁን።

ማስረዘም

የልጅ ጉልበት ያልቃል፤ ሲያልቅ ደግሞ የቀረው ከመሣሪያው መውረድ ነው፤ ከሁሉም አደገኛው ክፍል ማለት ነው። ቅንብሩ የረዘመ መስሎ ከታየዎት ከመሐል ይቀንሱ፤ መውረጃውንም ቀላል ያድርጉት።

ተጨማሪ ነጥብን ለከባድ እንቅስቃሴ ብቻ መስጠት

ተጨማሪ ነጥብ የሚያስገኝ ከባድ እንቅስቃሴ «ለፈለገ ብቻ» ተብሎ ይጻፋል። በተግባር ግን ሁሉም ይፈልገዋል፤ አባት ይጠይቃል፣ አሰልጣኝ ይሸነፋል፣ ልጁ ያልበሰለውን ይሠራል። ነጥቡ የተዘረጋ ጣት፣ ያልታጠፈ ጉልበት፣ ሳይንቀሳቀስ የተሳካ አወራረድ ላይ ቢቀመጥ ፉክክሩ ወደ ጥራት ይዞራል። አንድ ከባድ እንቅስቃሴ የግድ ካስፈለገ፣ መሠረታዊውን ቅንብር ከተወሰነ ነጥብ በላይ ለሠራ ልጅ ብቻ ይቆጠር።

የሚያድግን አካል መርሳት

ወንዶች ልጆች በብዛት በ13 እና በ14 ዓመታቸው አካባቢ በፍጥነት ይረዝማሉ። ትናንት የሚያውቀው አካል ዛሬ የሌላ ሰው ይሆንበታል፤ በእጅ መቆሙ ይናጋል፣ ዙሩ ይበላሻል። አሰልጣኙ ስንፍና ይመስለዋል። የእጅ አንጓ አጥንት ማደጊያ ክፍልም በዚህ ዕድሜ ለጉዳት የተጋለጠ ነው፤ በጂምናስቶች ዘንድ የታወቀ ሕመም ነው። ወለል፣ ፈረስ፣ ዝላይና ትይዩ ዘንጎች አራቱም ክብደትን በእጅ ላይ ይጥላሉ። ስለዚህ አራቱን ለየብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንድ ልጅ በአንድ ቀን በእጁ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን ቆጥሮ የሚያውቅ አዘጋጅ ጥቂት ነው። ልጆችን በተወለዱበት ዓመት ብቻ መመደብም ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ዘግይቶ የጀመረ የ13 ዓመት ልጅ በዝቅተኛው ደረጃ ሳያፍር የሚወዳደርበት የዕድሜ ክፍል ይዘጋጅለት።

በየዓመቱ መለወጥ

ዓለም አቀፉ የዳኝነት ሕግ የሚታደሰው ከኦሎምፒክ ጋር በአራት ዓመት ዑደት ነው። የእኛም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ። ስህተት ከተገኘበት እርማቱ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ፣ ለሁሉም ክለብ በአንድ ቀን፣ በጽሑፍ ይድረስ። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት በስልክ የሚነገር «ትንሽ ማስተካከያ» ስልኩ ያልደረሰውን ክለብ ልጆች ነጥብ ያሳጣል።