ለእጃችሁ የማይሆን የሪቮልቨር እጀታ የሚያስገዙ ስህተቶች

የመጀመሪያ ሪቮልቨሬን (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ ነው) እጀታ የመረጥኩት በዓይኔ ነው። እዚህ ቴክሳስ፣ ሰፈሬ ካለ ሱቅ። ቀይ እንጨት፣ የሚያብረቀርቅ። ከፈልኩ፣ ቤት ገባሁ፣ አሮጌውን በካቻቢቴ ፈትቼ ቀየርኩት። መለማመጃው ቦታ 20 ጥይት ሳልጨርስ የመሃል ጣቴ አንጓ ቀላ። ለካ እጀታው ከምላጩ መከለያ ኋላ ያለውን ክፍተት ባዶ ይተወዋል። ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር ብረቱ ጣቴን ይኮረኩመኛል። ችግሩ የቆየ ነው፤ ታይለር ቲ-ግሪፕ የሚባለው ትንሽዬ የብረት መሙያ የተሠራው ለዚሁ ክፍተት ነው።

በመልክ መግዛት እንግዲህ አንዱ ስህተት ነው። የባሰው ግን እስከ ምላጩ ያለውን ርቀት አለመለካት ነው። ብዙ ሰው «እጄ ትልቅ ነው» ወይም «ትንሽ ነው» ብሎ ይገዛል። ዋናው ጥያቄ ጣታችሁ የት ያርፋል የሚለው ነው።

እንዲህ ሞክሩት። ከበሮውን ከፍታችሁ ጥይት እንደሌለ እዩ፤ ደግማችሁ እዩ። አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል ያለው ሥጋ ከመያዣው ጀርባ ከፍ ብሎ ይግባ፤ በርሜሉ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ይበል። አሁን ጠቋሚ ጣታችሁን ምላጩ ላይ አድርጉ። የብዙ ትንንሽ ሪቮልቨሮች ምላጭ በአንድ ስበት ሲተኮስ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ በጣት ጫፍ ብቻ መሳብ ይከብዳል። ብዙ ተኳሾች ምላጩ ከጣት ጫፍ የመጀመሪያው አንጓ መታጠፊያ ላይ ሲያርፍላቸው ይመቻቸዋል። ጣታችሁ ካልደረሰ ሳታውቁት እጃችሁን ታዞራላችሁ፤ ያኔ ርግጫው በአውራ ጣታችሁ ሥር ባለው አጥንት ላይ ያርፋል። እኔ ይህንን ያወቅሁት በማግስቱ የመኪና ቁልፍ ሳዞር ነው።

መፍትሔው ከጀርባ ነው። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው የጀርባውን ብረት ገልጦ የሚተው እጀታ ይፈልግ። ረጅም ጣት ያለው ደግሞ ጀርባውን የሚሸፍን ጎማ ይውሰድ፤ ርቀቱን ይጨምርለታል፣ ርግጫውንም ያለዝብለታል።

«ትልቅ ከሆነ አይራገጥም» ብሎ ማሰብም አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰፊ እጀታ ግፊቱን መዳፍ ላይ ያከፋፍላል። ግን ባዶውን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የኪስ ሪቮልቨር ላይ የወፈረ ጎማ ከሰካችሁ የኪስ መሆኑ ቀረ። ጎማ ጨርቅ ይይዛል፤ ሲያወጡት ከኪሱ ገበር ጋር ይጣበቃል። ለኪስ ለስላሳ እንጨት ይሻላል።

የጣት ቦይ ያለውን በጥርጣሬ እዩት። ቦዩ የተቀረጸው ለሌላ ሰው ጣት ነው። ጉብታው ጣታችሁ ሥር ከገባ ይቆረቁራል፣ በቃ።

ሳያጣሩ ማዘዝም ገንዘብ ይበላል። የሽጉጥ አምራቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮቹን በመጠን ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤን ይላቸዋል። የኬ እጀታ ለኤል ይሆናል፤ ለትንሹ ጄ ግን አይገባም። የመያዣው ብረት ታች ክብ ነው ወይስ ማዕዘን? እሱንም እዩ። የሌላው አምራች የሩገር ሪቮልቨር ጂፒ100 ደግሞ ከውስጥ አንድ ቀጭን ምሰሶ ብቻ ስላለው የራሱን እጀታ ነው የሚፈልገው።

ስፒድሎደር (ከበሮውን በአንዴ በጥይት የሚሞላ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ የእጀታውን ግራ ጎን ፈትሹ። ጥይቱን በአንዴ ስታጎርሱ እንዳያግድ እዚያ ጋ ተፍቆ የተቀነሰ መሆን አለበት። ብሎኑን ስታስሩም እልህ አትጋቡ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ እንጨት ይሰነጠቃል።