የባለ ቅርጫት መኪና ማንሻዎችን መፈተሽና መንከባከብ በጅማ ዝናብና ጭቃ

ባለ ቅርጫት መኪና ሠራተኛን በረጅም ክንድ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያወጣ መኪና ነው፤ ማንሻ የሚባለውም ክንዱን የሚያዝበት የመቆጣጠሪያ እጀታ ነው። ሽቦ ሊሠራ ቅርጫት ውስጥ የሚገባ ሰው የሚተማመነው ማንሻውን ሲለቅ ክንዱ እንደሚቆም ነው። ጅማ ላይ ይህን የሚያበላሹት ዝናቡና ቀዩ ጭቃ ናቸው። ከማንሻው ሥር ያለው የጎማ ሽፋን አንዴ ከተቀደደ ውሃ ወደ ቫልቩ ይወርድና መላሹን ሞላ ያዝገዋል። ከዚያ በኋላ የተለቀቀ ማንሻ ወደ መሐል ሳይመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ክንዱም መሄዱን ይቀጥላል። ፍተሻው በየቀኑ፣ ሰው ከመውጣቱ በፊት መደረግ ያለበት ለዚህ ነው።

መኪናውን ከኤሌክትሪክ መስመር አርቀው ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት ለዚህ አይሆንም። ክንዱና የድጋፍ እግሮቹ እንደተሰበሰቡ የሃይድሮሊክ ዘይቱን መጠን ይዩ። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ታኮ ይግባላቸው፣ እግሮቹም ሰፊና ጠንካራ ጣውላ ላይ ይረፉ፤ ዝናብ የጠገበ አፈር ያለ ጣውላ እግሩን ይውጠዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማንሻዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የእያንዳንዱን ሥራና አቅጣጫ የሚናገረው ጽሑፍ ይነበባል? የላላ ቡሎን፣ የጎደለ ኮፒሊያ (ፒን ወልቆ እንዳይወጣ የሚይዝ መቆለፊያ)፣ የተሰነጠቀ የጎማ ሽፋን አለ? ኮፒሊያ በሽቦ ቁራጭ አይተካም። የዘይት ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው እንጂ በእጅ አይደለም፤ በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም ወዲያው ሆስፒታል ያስኬዳል።

የእንቅስቃሴ ሙከራው ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ በታችኞቹ፣ መኪናው ላይ ባሉት ማንሻዎች ይጀምራል። ፒቲኦውን (የሞተሩን ኃይል ወደ ሃይድሮሊክ ፓምፑ የሚያስተላልፈውን) አስገብተው ዘይቱ ለጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። እያንዳንዱን ማንሻ በትንሹ ገፍተው ይልቀቁ፤ በራሱ ወደ መሐል መመለስ፣ ክንዱም ወዲያው መቆም አለበት። እጅ ረድቶት የሚመለስ ማንሻ የተበላሸ ማንሻ ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛው ሰው ቀበቶውን አስሮ ቅርጫቱ ዝቅ እንዳለ ይግባ። መጀመሪያ የፈቃጁን መያዣ (ካልተጨበጠ የቅርጫቱ ማንሻ እንዳይሠራ የሚያደርገውን) ሳይጨብጥ ማንሻውን ይግፋ፤ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ጨብጦ ያንቀሳቅስና መያዣውን ይልቀቅ። በመቀጠል እንቅስቃሴ ላይ እያለ የድንገተኛ ማቆሚያውን ይጫን። በሁለቱም ጊዜ ክንዱ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህ አይዘለል፦ ከላይ ያለው ሰው ማንሻውን ይዞ ሳለ ከታች ያለው መቆጣጠሪያውን ይረከብ። ከላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው፤ የታችኛው የላይኛውን ካልሻረ መኪናው ያን ቀን ሥራ አይወጣም። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍታችሁ በባትሪ የሚሠራውን መጠባበቂያ ፓምፕ ለአጭር ጊዜ ሞክሩ። ቢረዝም ፓምፑ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል።

ብልሽቱ የት እንዳለ ምልክቱ ይናገራል። ከታች ሁሉም ሠርቶ ከላይ ምንም ካልሠራ፣ ሳይነሳ የቀረ የማቆሚያ ቁልፍ ወይም የላይኛው ይሠራ የታችኛው የሚወስነው የመቆጣጠሪያ መራጭ መጀመሪያ ይታይ። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ እምቢ ካለ የዚያው ማንሻ ማያያዣ ወይም ቫልቭ ነው። ሁሉም ከዘገየ ዘይት አንሷል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል። ማንሻው መሐል ላይ እያለ ክንዱ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ማንሻውን መነካካት ከንቱ ነው፤ ሲሊንደሩ ላይ ያለው ጭነት ያዥ ቫልቭ ወይም የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) አልቋልና ወደ ጋራዥ ይግባ።

ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት እንጂ በግፊት ውሃ አትጠቡት፤ ውሃውን ወደ ቫልቩ የሚያስገባው ራሱ እጥበቱ ነው። የላይኞቹን ማንሻዎች ግራሶ አትቀቡ። ግራሶ አቧራ ይይዛል፤ ብረት ወይም ግራፋይት ያለበት ቅባት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አምራቹ የፈቀደው፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቅባት ብቻ ይግባ። የተሰበረ የፕላስቲክ እጀታ በብረት አይተካ። የፈቃጁን መያዣ እጅ አደከመ ብሎ በፕላስተር ማሰርም የሰውን ሕይወት አሳልፎ መስጠት ነው። ኤሌክትሪክን እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩ ማንሻዎችም ቢሆኑ የጎማ ጓንትን አይተኩም።

ማታ ቅርጫቱ ሽፋኑን ከመልበሱ በፊት ውስጡ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ታፍኖ ካደረ ዝገቱ ይፈጥናል።