ከከባድ ተረኝነት የተመለሰ ፖሊስ ባልደረባችሁን እንዴት ትደግፋላችሁ?

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ጉሙን ያውቀዋል። ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። እዚያ አደጋ ሲደርስ የሟችን ኪስ ፈትሾ መታወቂያ የሚያወጣው የትራፊክ ፖሊሱ ነው። አንዳንዴ የሟች ስልክ እጁ ላይ እያለ ይጠራል። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል።

ሟች ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እስከ ሰልስት ሰው አይጠፋም። ፖሊሱ ግን በማግስቱ እንደገና ተረኛ ነው። እሱ ጋ መድረስ ያለባችሁ እናንተ የሥራ ባልደረቦቹ ናችሁ።

መጀመሪያ፣ በዚያው ቀን አግኙት። ትኩስ ነገር ይቅመስ፤ ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ጋቢም አትርሱ። «እስቲ ምን አየህ?» እያላችሁ ግን አታስጨንቁት። ሰውን ሰብስቦ የደረሰበትን በግድ ማስተረክን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም።

ቀጥሎ ቦታ ምረጡ። አለቃ ፊት አይሆንም። አረቄ ቤትም አይሁን። «ብርዱን ይሰብርልሃል» እየተባለ ይቀዳል፣ ቶሎም ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይቆራርጣል። ሻይ ይበቃል።

ከዚያ ማዳመጥ ነው፤ ዋናውም ከባዱም ይኼ ነው። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው፣ ቶሎ ከተባለ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። «ወንድ አይደለህ እንዴ?» እና «እኔማ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ» ደግሞ ጭራሽ ያርቁታል። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሉትና ዝም በሉ። ለቅሶ ቤት ገብተን ዝም ብለን መቀመጥ እናውቅበት የለ? አንድ የማውቀው ሳጅን ሻዩን ሳይጠጣ ሲያማስለው ቆየ። ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል። ማንኪያውን ሲያስቀምጥ ነው «የሕፃኗን ጫማ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ያለው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ።

የሰማችሁት ከእናንተ አይውጣ። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ለሌላ እንደምትናገሩ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣትና መደንገጥ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ እየቀለለ ይሄዳል። ከወር ካለፈ፣ ወይም ቅዠቱ፣ ቁጣውና መጠጡ ከባሰ ባለሙያ ያስፈልገዋል። «ሂድና ታከም» አትበሉት። ቀጠሮ አሲዙለትና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነም ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ተስፋ የቆረጠ ከመሰላችሁ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም ብዙዎች እፎይ ይላሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። መሣሪያውን ለጊዜው ግምጃ ቤት እንዲያስረክብ አግዙት። ሲሻለው ሊመለስለት ይችላል፤ ይህንንም ንገሩት፣ ብዙ ፖሊስ የሚፈራው መሣሪያው ተቀምቶ እንዳይቀርና ስሙ እንዳይጠፋ ነው።

አደጋው የደረሰበትን ቀንም መዝግቡ። የሟች ቤተሰብ አርባውን ሲያወጣ እሱም ያስታውሳል፤ ያን ቀን ደውሉለት። ጣርማበር እንደገና ሲመደብም ከተቻላችሁ የመጀመሪያውን ፈረቃ አብራችሁት ውጡ።