ወደ ርካሽ የስልክ መስመር ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

አሜሪካ ሆናችሁ ለአንድ ስልክ በወር 70 እና 80 ዶላር የምትከፍሉ ካላችሁ ስሙኝማ። ርካሾቹ መስመሮች በአብዛኛው የራሳቸው አንቴና የላቸውም። ሚንት ሞባይል በቲ-ሞባይል፣ ቪዚብል በቬራይዘን፣ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ ኔትዎርክ ነው የሚሠሩት። ሰፈራችሁ ውስጥ የትኛው ትልቅ ኔትዎርክ እንደሚይዝ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ጉዱ የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው። አንቴናው ሲጨናነቅ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ውድ ፓኬጅ የያዘው ደንበኛ ነው። ባለፈው ሰመር ስታዲየም ውስጥ አንዲት ፎቶ ልልክ ብዬ ግማሽ ሰዓት ስትሽከረከር አየኋት። ስልኬ እኮ ኔትዎርክ ሙሉ ያሳያል! አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ቪዲዮ እየላከ ይስቅብኛል። ግን እንዲህ ያለው ነገር በዓመት ስንቴ ይገጥመኛል? ለኔ ቁጠባው ይበልጣል።

ስትቀይሩ የድሮውን መስመር ቀድማችሁ እንዳታዘጉ፤ ቁጥራችሁ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ከድሮው ኩባንያ የአካውንት ቁጥርና የማዘዋወሪያ ፒን ተቀበሉ። ቁጥሩ ወደ አዲሱ ሲዛወር የድሮው መስመር ራሱ ይዘጋል። ስልካችሁ ክፍያው ያላለቀና የተቆለፈ ከሆነ ግን የሌላ ኔትዎርክ ሲም አይቀበልም።

አዲስ አበባ ልትሄዱ ካሰባችሁ ደግሞ ሮሚንግ (መስመራችሁ ውጭ አገር በሌላ ኔትዎርክ እንዲሠራ የሚያደርገው) መኖሩን ጠይቁ። የባንክ ኮድ በቴክስት አልገባ ብሎ ከገዛ ገንዘባችሁ ውጭ መቆም ያናድዳል። ዋይፋይ ኮሊንግ (በዋይፋይ መደወያው) ካለው እዚሁ አሜሪካ እያላችሁ አብሩት።