ዘውድና ጎፈር በፓይተን፦ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማትርቅ የኪራይ ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሁሌም በኮድ ሳንቲም መወርወር ነው። አምስት መስመር ቢሆን ነው። በአምስት መስመር ስንት ስህተት እንደሚገባ ግን አስተምራችሁ ካላያችሁት አታምኑም።

ፋይላችሁን «ራንደም» ብላችሁ አታስቀምጡ። ራንደም የፓይተን የራሱ የዕጣ ቁጥር ማውጫ ነው፤ በውስጡ ያለው ራንድኢንት የሚባል ትእዛዝ በሁለት ቁጥሮች መካከል አንዱን በዕጣ ያወጣል። ፓይተን ራንደምን አምጣ ሲባል ግን ቀድሞ የሚያገኘው የእናንተኑ ፋይል ነው፤ ከዚያ «ራንድኢንት የሚባል ነገር የለም» እያለ ይነዘንዛችኋል። አትሳቁ፤ እኔም በዚህ ሰበብ ፓይተንን አጥፍቼ እንደገና እስከ መጫን ደርሻለሁ።

ራንድኢንት(0, 2) ሦስት ውጤት አለው፦ 0፣ 1 እና 2። በፓይተን የመጨረሻው ቁጥርም ይቆጠራል፤ ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ውስጥ ያለው ስመ ሞክሼው ግን አይቆጥረውም፤ ግር የሚለውም ለዚህ ነው። ሁለት ተማሪዎቼ ከክፍል በኋላ ጣና ዳር ዓሣ ሲበሉ ከፋዩን በራሳቸው ኮድ ይለዩ ነበር። 0 ከወጣ ዘውድ፣ ካልሆነ ጎፈር። ጎፈር ሲወጣ የሚከፍለው ልጅ «ዕድሌ ጠማማ ነው» እያለ ሲያማርር ኮዱን አየሁት። ለካ ከሦስቱ ምሳ ሁለቱን እንዲከፍል ራሱ ጽፎታል!

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ተማሪዎቼ «ኢፍ ራንድኢንት(0, 1) 0 ከሆነ ዘውድ ጻፍ» ይላሉ (ኢፍ «ከሆነ» ማለት ነው)፤ ከሥሩ ደግሞ «ኢፍ ራንድኢንት(0, 1) 1 ከሆነ ጎፈር ጻፍ»። ሲያዩት ያምራል። ግን ሁለት ሳንቲም ወረወራችሁ እኮ! ዳኛ ሜዳ መሃል ሳንቲም ወርውሮ፣ ዘውድ አለመሆኑን አይቶ፣ ጎፈር መሆኑን ለማረጋገጥ እንደገና ቢወረውር ምን ትሉታላችሁ? ይህ ኮድ በአማካይ ከአራት አንዴ ሁለቱንም ይጽፋል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። ከዚያ አንዱ ሁለተኛውን ኢፍ ወደ ኤሊፍ («ያ ካልሆነ፣ ይህ ከሆነ») ቀይሮ «አስተካከልኩት» ይለኛል። የቱን ነው ያስተካከልከው? አሁን ዘውድ ግማሽ፣ ጎፈር ሩብ፣ የቀረው ሩብ ባዶ ሆነ። ኤረር (የስህተት መልእክት) ስለማያወጣ ማንም አይጠረጥርም። አንዴ ወርውሩ፣ ውጤቱን በአንድ ስም ያዙ፣ ያንኑ ስም ጠይቁ። ዘውድ ካልሆነ «ኤልስ» («ካልሆነ») ይበቃል።

ሲድንም (የዕጣውን መነሻ ቁጥር) ሉፕ (ኮዱን ደጋግሞ የሚያሠራው ክፍል) ውስጥ አትክተቱ፤ ሲዱ ያው ቁጥር ከሆነ ያው ውጤት ይደጋገማል። ቆጣሪውን ሉፕ ውስጥ 0 የምታደርጉትንማ ተውት።

10 ጊዜ ወርውሮ 7 ዘውድ ሲያገኝ «ኮዴ ተበላሸ» ብሎ የሚደውልልኝም አለ። ልጄ፣ ልክ 5 ለ 5 የመውጣት ዕድሉ ከ1024 252 ነው፤ ሩብ እንኳ አይሞላም። ጆን ኬሪች የሚባል የሒሳብ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ታግቶ ሳለ እውነተኛ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ቢወረውር፣ በአንድ ፊቱ የወደቀው 5,067 ጊዜ ነበር። እናንተ እጃችሁ አይደክምም፤ ሉፑን 10,000 አድርጉት፣ መብራት ካልጠፋ አፍታም አይፈጅ። ከ4,900 እስከ 5,100 ከወጣ ደህና ነው። ጎፈር 6,600 ምናምን ካለ ግን፣ የዓሣውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ራንድኢንታችሁን እዩት።