ተራራ ስትወጡ አቋራጭ አትያዙ

ተራራ ልትወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠመዝማዛው መንገድ ቢያሰለቻችሁም አቋርጣችሁ አትውረዱ። መንገዱ የተጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዝናቡ ውሃ ጉልበት አግኝቶ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ነው። አንዱ ያቋረጠበትን ሌላው ይከተለዋል፣ ሳሩ ይረገጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ያቺ ቀጭን ዱካ ቦይ ትሆናለች። ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ በብርዱ ምክንያት ተክል ቶሎ አያገግምም፣ የተረገጠው መሬት ለዓመታት ራቁቱን ሊቀር ይችላል። ጭቃ ካለም ዳር ዳሩን ከምትረግጡ በመሃሉ እለፉ፤ ጫማ ይታጠባል።

መጸዳጃ ቤት ከሌለ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ሶፍቱን ግን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ከታች ያለው መንደር የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው! የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን አትጣሉ፣ በብርድ ቦታ ቶሎ አይበሰብስም።

አስጎብኚና ጭነት ተሸካሚ ከአካባቢው ሰው ቅጠሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ተሸካሚው ስንት ኪሎ እንደያዘ፣ የሚሞቅ ልብስና ማደሪያ እንዳለው ራሱን ጠይቁት። ጉርሻውንም በእጁ ስጡት። እኔ ይሄን ሳልጠይቅ የሄድኩበት ጉዞ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።